አባታችንን ገጭቶ የገደለው ሹፌር ሽማግሌ ላከብን። እርቁን ብንቀበል ክሱ ይቀራል?

የጅጋዋ ልጅ

ሰላም እንዴት ናችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ቸግሮኝ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

አባቴ ባለፈው ኅዳር በመኪና አደጋ አረፈ። ቅዳሜ ነበር፣ የገበያ ቀን። ሁለት ማዳበሪያ ዛላ በርበሬ በአህያ ጭኖ ወደ ጅጋ እየመጣ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሃያ ሜትር ያህል ከኋላው ይከተላል። ከደምበጫ በኩል የመጣ ሚኒባስ መታጠፊያው ላይ ጋሪ ልቅደም ብሎ ወጣና አባቴን በተቃራኒው በኩል፣ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ አገኘው። አህያዋም እዚያው ቀረች።

እኔ ስደርስ አባቴን ወስደውታል። በርበሬው አስፓልቱ ላይ ተዘርግፏል። መኪና በረገጠው ቁጥር ይደቅቅና ይቦናል። ሊያለቅስ የመጣው ሰው ሁሉ ያስላል፣ ያስነጥሳል። እኔም እሪ ልል ብዬ ሳል አፈነኝ። እስከ ዛሬ ሰፈር ውስጥ በርበሬ ሲታመስ ቤቴን ዘግቼ እቀመጣለሁ።

ሹፌሩ አልሸሸም። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ከተሳፋሪዎቹ ጋር ሆኖ አባቴን አንሥቶ በዚያው መኪና ወደ ፍኖተ ሰላም በረረ። ከተማው ሳይገቡ ነፍሱ ወጣች። ልጁ 24 ዓመቱ ነው። በዋስ ወጥቷል፣ ክስ ተመሥርቶበታል።

ባለፈው እሑድ የልጁ አባት ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ ቄስና ሦስት ሽማግሌ አስከትሎ ደጃችን መጣ። እናቴ «አውርዱለት» አለች። ወንድሜ ጓዳ ገብቶ አልወጣም። ሽማግሌዎቹ ስለ ካሳ አነሡ። «ከታረቃችሁ ነገሩ ያልቃል» አሉን። ሊሄዱ ሲሉ ደግሞ አንደኛው ሽማግሌ ወንድሜ ያለበት ጓዳ ገባና «አህያዋ ደንግጣ መኻል መንገድ ገባች በል፣ ልጁ ይቅለለው» አለው። ከአደጋው ቦታ የነበረው ዋናው ምስክር ወንድሜ ነው።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ብንታረቅ ክሱ ይቋረጣል? ስንት ዓመት ሊፈረድበት ይችላል? እናቴ ደግሞ «ብሩን ብቀበል የባሌን ደም ሸጥኩ ማለት ነው ወይ?» እያለች እንቅልፍ አጥታለች። የምታውቁ መልሱልኝ።

ዳሞት

እግዚአብሔር ያጽናችሁ እህቴ። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን። ያን መታጠፊያ አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው፣ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ከብት አንድ ላይ የሚሄድበት ነው። ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። እዚያ ላይ ለመቅደም የሚወጣ ሰው አላየሁም ሊል አይችልም።

ጠበቃ ከማርቆስ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እንዲህ ያለ መዝገብ ለሹፌርም ለሟች ቤተሰብም ቆሜ ይዣለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

እርቅ ክሱን አያስቀረውም። ሰው የሞተበት ወንጀል የግል አቤቱታ የሚጠይቅ አይደለም። ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው። እናንተ «ምረነዋል» ብላችሁ ብትፈርሙም መዝገቡ ይቀጥላል። ስለዚህ «ከታረቃችሁ ያልቃል» ያሏችሁ ሽማግሌ ተሳስተዋል።

እርቁ ፍርድ ቤት ውስጥ ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ቅጣት የሚያቀሉ ምክንያቶችን ይዟል። ጥፋተኛው ከልቡ ከተጸጸተ፣ ተጎጂውን ከረዳ፣ ጥፋቱን ካመነ፣ ጉዳቱን አቅሙ በፈቀደ ከካሰ ይታይለታል። ልጁ አባትሽን አንሥቶ ሐኪም ቤት ለማድረስ መሮጡ እዚህ ይገባል። ካሳውም ይገባል። እርቅ የሚሠራው ቅጣቱ ሲለካ ነው። ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ግን የሚወስነው ማስረጃ ብቻ ነው።

ወደ ዓመቱ ልምጣ። አሁን የምንሠራበት የወንጀል ሕግ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የጸና ነው። በቸልተኝነት ሰው መግደል አንቀጽ 543 ላይ ነው ያለው። ማንም ሰው በቸልተኝነት ሰው ቢገድል ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር መቀጮ ነው። ሹፌር ግን እንደ ማንም ሰው አይታይም። ሕጉ ሐኪምንና አሽከርካሪን በስም ያነሣል፤ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ስላለባቸው። ለእነሱ ንዑስ አንቀጽ 2 ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት፣ በላዩም ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ያዛል።

ከበድ ያለው ንዑስ አንቀጽ 3 ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ወይም ሹፌሩ ግልጽ የሆነ ደንብ እያወቀ ከጣሰ፣ ወይም ጠጥቶ አለዚያም የሚያደነዝዝ ነገር ወስዶ ራሱን ስቶ ከነዳ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ነው።

ልዩነቱን ልብ በይ። በአንደኛው መነሻው 1 ዓመት ነው፣ በሌላው 5 ዓመት። በእኛ ችሎቶች ትልቁ ክርክር ሁሌም እዚህ ላይ ነው። ዐቃቤ ሕግ «ደንብ ጥሷል፣ ወደ 3 ይግባ» ይላል። ተከላካይ «ተራ ቸልተኝነት ነው፣ 2 ይበቃዋል» ይላል። ያ መታጠፊያ ላይ መኻሉን የሚከፍለው ነጭ መስመር የተቆራረጠ ነው ወይስ መቅደም የሚከለክለው ያልተቆራረጠ? ልጁ ሲወጣ ከፊቱ ይታየው ነበር? ጉዳዩን የሚወስነው እንዲህ ያለው ነገር ነው።

አሁን ወንድምሽ የተጠየቀውን ቃል እይው። «አህያዋ ደንግጣ ገባች» ከተባለ ጉዳዩ ከነጭራሹ ከ543 ሊወጣ ይችላል። አንቀጽ 57 ያለ ጥፋት፣ በድንገተኛ አጋጣሚ ለደረሰ ነገር ማንም አይቀጣም ይላል። ጓዳ የገቡት ሽማግሌ የጠየቁት ቅጣት ማቅለያ እንዳይመስልሽ። አባትሽ ራሳቸው አህያቸውን መያዝ አቅቷቸው ሞቱ ተብሎ እንዲጻፍ ነው የጠየቁት። ከዚያ በላይ ደግሞ በሐሰት መመስከር ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ወንድምሽን እንዳያስገቡት።

የጮቄ ጉም

ጋሼ ጠበቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ዓመት ማለት ምንድን ነው? ሰው እኮ ነው የሞተው! እኔ የአጎቴን ልጅ በአይሱዙ አጥቻለሁ። ሹፌሩ ዛሬ ማርቆስ መናኸሪያ ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣል። እዚያ በሄድኩ ቁጥር አየዋለሁ። በጥይት ቢገድለው ኖሮ ዕድሜ ልኩን ይታሰር ነበር። በጎማ ስለገደለው ነው እንዴ የቀለለው? ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ጠበቃ ከማርቆስ

ወንድሜ፣ ሕመምህን እረዳለሁ። መናኸሪያ ላይ በየጊዜው ፊቱን ማየት ከባድ ነው።

ሕጉ የሚለካው ግን በሟቹ ብቻ አይደለም። ገዳዩ በልቡ ምን ነበረ ብሎም ይጠይቃል። አንቀጽ 58 ሐሳብን፣ አንቀጽ 59 ቸልተኝነትን ይተረጉማሉ። ቸልተኝነትም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አደጋ ሊደርስ እንደሚችል ጨርሶ ልብ ያላለ ነው። ሌላው «ሊደርስ ይችላል፣ ግን አይደርስም» ብሎ የገፋ ነው። ከዚህ አልፎ «ቢደርስም ይድረስ» ብሎ የተቀበለ ሰው ግን ከቸልተኝነት ወጥቷል፣ አንቀጽ 58 ውስጥ ነው ያለው። ሆን ብሎ እንደ ገደለ ሊከሰስ ይችላል። በመኪናም ቢሆን። ሰው ልምታ ብሎ መሪ የጠመዘዘ በጎማ ገደለ ተብሎ አይቀልለትም።

ችግሩ «አይደርስም» ያለውንና «ይድረስ» ያለውን መለየቱ ነው። የሰው ልብ አይታይም። ስለዚህ ፍርድ ቤት ከውጭ ያለውን ያያል፦ ፍጥነቱን፣ መንገዱን፣ ጥሩንባ ነፋ አልነፋ፣ ፍሬን ያዘ አልያዘ፣ ከገጨ በኋላ ምን አደረገ።

መሪጌታ ዘዲማ

ልጆቼ፣ የጠበቃውን ቃል ሳነብ ኦሪት ትዝ አለችኝ። ኦሪት ዘዳግም 19፥5 ላይ ስለ ሁለት ሰዎች ይናገራል። እንጨት ሊቆርጡ ዱር ይገባሉ። አንዱ ምሳሩን ሲያነሣ ብረቱ ከእጀታው ይወልቅና ባልንጀራውን ይገድለዋል። ያ ሰው ወደ መማፀኛ ከተማ ሸሽቶ በሕይወት ይኖራል። ጠላት ሆኖ አድፍጦ የገደለውን ግን ከመማፀኛውም አውጥተው ለደመኛው ይሰጡታል። እንግዲህ ልዩነቱ የዛሬ ዳኞች ያመጡት አይደለም። ፍትሐ ነገሥታችንም አውቆ የገደለንና ሳያውቅ የገደለን ለይቶ ነው የሚፈርድ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ምሳሩ እየተንገዳገደ መሆኑን እያየ፣ ሽብልቅ ሳይመታበት የሚቆርጥ ሰውስ? እሱ በዚያ ምሳሌ ውስጥ እንደ ንጹሕ አይቆጠርም። የተንገዳገደ ምሳር ይዞ ሰው መኻል መግባት ራሱ በደል ነው። የዛሬው ነጂ ላይ የምጠይቀው ይህን ነው።

እናትሽንም እንዲህ በያት። ካሳ የደም ዋጋ አይደለም። የሰው ደም ዋጋ የለውም። ካሳ ሰው ያጎደለበትን ቤት መርዳት ነው። በአገራችን ደም ሲደርቅ ጉማ የሚከፈለው ሙታንን ለመሸጥ ሳይሆን የሟች ልጆች የገዳይን ልጆች እንዳያሳድዱ ነው። ትቀበል። ያለ ሐፍረት ትቀበል። ቃል ለማስቀየር የመጣውን ብር ግን አትንካው። እሱ ሌላ ነው።

የበረሃው ሹፌር

እኔ ሹፌር ነኝ። 19 ዓመት ነድቻለሁ፣ ሚኒባስ፣ አይሱዙ፣ አሁን ቅጥቅጥ። ሰው ሲሞት ሁሉም ሹፌሩ ላይ ነው የሚጮኸው። እውነት አላቸው። ግን ከመሪው በኩል ያለውንም ስሙኝ።

የዓባይን በረሃ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን መውረዱም መውጣቱም አንድ ላይ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ እየያዘህ ነው የምትወርደው። ነዳጅ ልቆጥብ፣ ሰዓት ልቅደም ያለ ግን ማርሽ አውጥቶ ይለቀዋል። ከዚያ ፍሬን በፍሬን ይሆናል። መጀመሪያ ሽታው ይመጣል። የፍሬን ሸራ ሲቃጠል የተቃጠለ ጎማና ፀጉር የተቀላቀለ ይሸታል። ተሳፋሪውም ይሸተዋል። ቀጥሎ ፔዳሉ እየላላ ወደ ታች ይሄዳል። ብልህ ሹፌር ያኔ ይቆማል። ጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል፣ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል። ያልቆመው ነው በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚል። ፍሬን በአንዴ እምቢ አይልም። አስቀድሞ ይናገራል። ሽታውን ሸትቶ የቀጠለ ሹፌር፣ መሪጌታ እንዳሉት ምሳሩ ሲንገዳገድ ያየ ሰው ነው።

ለምን አይቆምም? ባለቤቱ በየቀኑ ቁርጥ ገቢ ይጠብቃል። ሞላም ጎደለም ያን ታስገባለህ። ተራ ካመለጠህ ቀኑ ባዶ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተህ ማታ 2 ሰዓት ትገባለህ። ዓይንህ ክፍት ሆኖ የምትተኛበት ጊዜ አለ። እንቅልፍ ለማባረር የሚቅምም አለ። ይህን የምለው ለማመካኘት አይደለም። ሰው ሲሞት የሚታሰረው አንዱ ሹፌር ነው፤ ያንን ገቢ የቆረጠበት ሰው ማታ ቤቱ ነው የሚተኛው።

እኔም ገጭቻለሁ። የዛሬ 11 ዓመት፣ አንድ እረኛ ልጅ። አልሞተም፣ እግሩ ተሰበረ። ቆምኩ። ሰዉ ዱላ ይዞ ሲሮጥ አየሁ። ልቤ «ንዳው» አለኝ። ልጁ ግን ዓይኑን ከፍቶ ያየኛል። አቅፌው መኪና ውስጥ ገባሁ፣ ሐኪም ቤት አደረስኩት፣ ከዚያ ራሴ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ችሎት ላይ «በፍጥነት ነበርኩ፣ ጥፋቴ ነው» አልኩ። ታሰርኩ። ስወጣ ሽማግሌ ልኬ ታረቅን። በየዓመቱ ለፋሲካ እቤታቸው እሄዳለሁ። እግሩ ትንሽ ያነክሳል። ባየሁት ቁጥር ያመኛል፣ ግን ፊት ለፊት አየዋለሁ።

እህቴ፣ ለዚያ ልጅ የማስበው እንደ ታናሽ ወንድሜ ነው። ወንድምሽ ውሸት ከመሰከረለት በነጻ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ ግን በጅጋ ባለፈ ቁጥር ምን ይዞ ያልፋል? ጥፋቱን ይመን። 24 ዓመት ብዙ ዕድሜ ነው፣ ታስሮም ይወጣል።

ዳሞት

ይህን ያነበበ ሹፌር ሁሉ ቢሰማ። እግዜር ይስጥልን ወንድሜ።

ከቡሬ

እኔ ተሳፋሪ ነኝና ስለ ራሴ ልናገር። 12 ሰው የሚጭነው ሚኒባስ ውስጥ 19 ሆነን የሄድንበት ቀን ብዙ ነው። ትራፊክ ሲታይ ረዳቱ «ጎንበስ በሉ!» ይላል። እንጎነበሳለን። እኔ መምህር ነኝ፣ ክራቫት አስሬ ጉልበቴ መኻል አንገቴን ቀብሬ ተጎንብሼ አውቃለሁ። ካለፍን በኋላ ቀና ብለን እናወራለን። አንድም ቀን «አውርደኝ» ብዬ አላውቅም።

ጋሼ ጠበቃ፣ እንዲህ ትርፍ ጭኖ ሰው ቢሞት ያ «ግልጽ ደንብ መጣስ» ውስጥ ይገባል?

ጠበቃ ከማርቆስ

መምህር፣ ደንብ መጣሱ ግልጽ ነው። ግን ጥሰቱ ከሞቱ ጋር መያያዝ አለበት። በትርፍ ጭነቱ ምክንያት መኪናው አልቆም ብሎ ወይም ተገልብጦ ሰው ከሞተ ይያያዛል። መንጃ ፈቃዱ ጊዜው ያለፈበት ሹፌር ቆሞ ሳለ ከኋላ ቢገጩትና ሰው ቢሞት ግን ፈቃዱ አለመታደሱ ሰውዬውን አልገደለውም። ለዚያ ሌላ ቅጣት አለው።

በጅጋው ጉዳይም እንዲሁ ነው። የመኪናው ወንበር ስንት ነበር ከሚለው በላይ ዋናው ያ አወጣጥ ነው። ሰው በሞላበት የገበያ ቀን፣ መታጠፊያ ላይ።

ዳኛው ዓመቱን ከመሬት ተነሥቶ አይወስንም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያወጣው የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 አለ። ማቅለያና ማክበጃ እየተቆጠረ መነሻው ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ይሄዳል። ሁኔታው ከፈቀደም ቅጣቱ በገደብ ሊታገድ ይችላል። የጮቄው ወንድማችን መናኸሪያ ላይ የሚያየው ሹፌር ምናልባት እንዲህ የወጣ ይሆናል።

የቀድሞ ትራፊክ

ጡረታ ወጥቻለሁ። በዚያ መንገድ ላይ ብዙ ዓመት ፕላን፣ ማለትም የአደጋ ቦታ ንድፍ፣ አንሥቻለሁ። ስለ ማስረጃ ጥቂት ልበል፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው።

አደጋ ሲደርስ የቆሰለውን ማንሣት ይቀድማል። መኪናውን ግን ትራፊክ ሳይደርስ አታንቀሳቅሱ። የግድ ለሕክምና ከተንቀሳቀሰ፣ በዚህ ልጅ ጉዳይ እንደሆነው፣ የቆመበትን ቦታ ድንጋይ አድርጉበት ወይም በስልክ ፎቶ አንሡት። እኛ የምንለካው የጎማውን ጭረት ነው። ጭረቱ ከየት ጀመረ፣ ስንት ሜትር ሄደ፣ ከየትኛው መስመር ውስጥ ነው። የተሰበረ መስታወት የወደቀበት ቦታም ይናገራል። በገበያ ቀን ሰው ይሰበሰብና ሁሉንም ይረግጠዋል። በማግሥቱ ብትሄድ የለም።

አህያዋስ የት ወድቃ ነበር? እህቴ፣ ይህን ወንድምሽን ጠይቂው። አህያዋ ከጠርዙ ውጭ ከወደቀች፣ በርበሬውም በዚያው በኩል ከተዘረገፈ «መኻል መንገድ ገባች» የሚለውን ወሬ ፕላኑ ራሱ ያፈርሰዋል። ፕላኑ መዝገቡ ውስጥ አለ። ዐቃቤ ሕጉን ጠይቁ።

ሌላው የመኪናው የቴክኒክ ምርመራ ነው። ፍሬኑ ደህና ነበር ከተባለ ሹፌሩ በፍሬን ማመካኘት አይችልም።

ለሹፌሮች ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ገጭታችሁ አትሽሹ። ሰዉ ዱላ ካነሣ በአቅራቢያ ያለ ፖሊስ ጣቢያ ግቡ፣ ያ ሽሽት አይባልም። የወደቀን ሰው ጥሎ መሄድ ግን በአንቀጽ 575 ለብቻው ያስጠይቃል። በሌሊት ገጭተው የሄዱ መኪኖች ስንት ሰው ጥለው አሳይተውኛል! ቶሎ ቢነሣ የሚተርፍ ነበር።

እናት ከሉማሜ

ልጄ፣ ለእናትሽ ንገሪያት። እኔም ባሌን በመኪና ነው ያጣሁት። አራት ልጅ ይዤ ቀረሁ። ብር መቀበል ደም መሸጥ መስሎኝ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ እስኪል ተቀመጥሁ። ኋላ የመንደራችን መምህር «እማማ፣ ቀኑ ያልፍብሻል» ብሎ አሮጠኝ። የመድን ድርጅቱ ወረቀት አጎደልሽ እያለ አመላለሰኝ። የሞት ማስረጃ፣ የጋብቻ፣ የልጆቹ ልደት፣ የፖሊስ ሪፖርት። ከሉማሜ ማርቆስ እየተመላለስሁ ጫማዬ አለቀ። በመጨረሻ ከፈለኝ። በዚያች ብር ትልቁ ልጄ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰ። ባሌ ከላይ ቢያየኝ የሚቆጣኝ አይመስለኝም።

ጠበቃ ከማርቆስ

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የነገሩን ነገር ትልቅ ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት ካሳ የመጠየቂያው ጊዜ 2 ዓመት ነው። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው፣ ከዚያ ከረዘመ ረዥሙ ይሠራል። ግን ማንም ወደዚያ ክርክር ባይገባ ይሻላል። ቶሎ ማመልከት ነው።

የጅጋዋ እህቴ፣ ገንዘቡ ከሦስት በር ሊመጣ ይችላል። አንዱ ሽማግሌ ያመጣው ነው። ሁለተኛው መድን ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል። አዋጁ ሲወጣ ለሞት ከ5,000 ያላነሰ ከ40,000 ብር ያልበለጠ ይከፈል ነበር። ዛሬ ያለውን ልክ መድን ሰጪውን ጠይቁ። መኪናው መድን ባይኖረው ወይም ገጭቶ ቢጠፋ እንኳ ለዚህ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ብዙ ነው።

ሦስተኛው የመኪናው ባለቤት ነው። አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። እሱ ባይነዳውም፣ ጥፋት ባይኖርበትም። የበረሃው ሹፌር «ገቢ የቆረጠበት ሰው ቤቱ ይተኛል» ያለው በወንጀል በኩል እውነት ነው። በፍትሐ ብሔር በኩል ግን ባለቤቱም አለበት። እናትሽና ከአባትሽ እጅ ይበሉ የነበሩ ልጆች የመተዳደሪያ ካሳ መጠየቅ ይችላሉ። አባትሽ ከበርበሬው፣ ከእርሻው በዓመት ምን ያስገቡ ነበር የሚለውን በምስክር አዘጋጁ። አህያዋንም አትርሱ፣ እሷም ንብረት ናት።

የሚያሳዝነኝን ልንገርሽ። ለሐዘናችሁ ለራሱ፣ የሞራል ካሳ የሚባለው፣ አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይገድባል። ሕጉ የወጣው በ1952 ነው። ያኔ 1,000 ብር ስንት በሬ ይገዛ ነበር! ዛሬ አንድ በግም አይገዛም። እኔ በየችሎቱ ይህን ቁጥር ስጠራ አፍራለሁ። መቀየር አለበት።

የጮቄ ጉም

ጋሼ፣ ቅድም ተቆጥቼ ነው የጻፍኩት። ስለ ባለቤቱ ያሉትን አላውቅም ነበር። የአጎቴ ልጅ ከሞተ ገና ዓመት ከአራት ወሩ ነው። ሚስቱ ምንም አልጠየቀችም። ነገ እሄድላታለሁ።

ጠበቃ ከማርቆስ

ሂድ ወንድሜ። የፖሊስ ሪፖርቱን ቁጥር ይዘህ ሂድ።

የጅጋዋ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ሁሉንም ለእናቴና ለወንድሜ አነበብኩላቸው። የመሪጌታን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። የእናት ከሉማሜን ስሰማት ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ቆየች።

ወንድሜን ስለ አህያዋ ጠየቅሁት። ያን ቀን ከሆነ ጀምሮ አውርቶት አያውቅም። «ከጠርዙ ውጭ ነበረች፣ አባዬ እጁን በአንገቷ ላይ አድርጎ ነበር» አለኝ። ከዚያ ወጥቶ በረት ውስጥ ቆየ። ዛሬ ጠዋት አብረን መታጠፊያው ድረስ ሄድን። መስመሩ ያልተቆራረጠ ነው። ፎቶ አንሥተነዋል።

ሽማግሌዎቹ ትናንት ተመልሰው ነበር። እናቴ ተቀምጣ ተቀበለቻቸው። «እርቁን እቀበላለሁ፣ ልጃችሁን አልረግምም። ልጄ ያየውን ይናገራል። ሁለቱን አታቀላቅሉብኝ» አለች። ቄሱ «እውነት ነው» አሉ። ጓዳ የገባው ሽማግሌ ምንም አልተናገረም። የልጁ አባት ግን ተነሥቶ እግሯ ላይ ወደቀ። ልጁም ጥፋቱን እንዲያምን ራሱ እንደሚነግረው ነግሯታል። ያደርገው አያደርገው አላውቅም።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል ጋሼ ጠበቃ። ቀጠሮው ማክሰኞ ነው። ልጁ ካመነ ወንድሜ መመስከር ይቀርለታል? እናቴስ የግድ መምጣት አለባት? በርበሬው ሳይሸጥ ስለቀረ ለመሳፈሪያም ጠቦናል።

ጠበቃ ከማርቆስ

ልጁ በክሱ ልክ ሳይሸራርፍ ካመነ ፍርድ ቤቱ በእምነት ቃሉ ሊፈርድ ይችላል፣ ያኔ ወንድምሽ ላይጠራ ይችላል። «ገጭቻለሁ ግን አህያዋ ገባች» ካለ ግን ያ ማመን አይደለም፤ ምስክር ይሰማል። ስለዚህ መጥሪያ ከደረሰው ይምጣ፣ መታወቂያውን ይያዝ። ፎቶውን ለዐቃቤ ሕጉ ከቀጠሮው በፊት ስጡት። እናትሽ ካልተጠሩ መምጣት አይጠበቅባቸውም። የመድኑን ጉዳይ ግን ለሌላ ጊዜ አታሳድሩት። የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥርና የመድኑን ስም ከፖሊስ ሪፖርቱ ገልብጪና በግል ላኪልኝ። ማመልከቻውን እኔ እጽፍላችኋለሁ፣ ምንም አትከፍሉም።

የበረሃው ሹፌር

ማክሰኞ ጠዋት ከማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ነኝ። ጅጋ ላይ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት እደርሳለሁ። ወንድምሽ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ይቁም፣ ፍኖተ ሰላም አደርሰዋለሁ።